ከልጆች ጋር ደጅ መዋል፣ አንደበትንም መግታት

ሴት ልጄ ስድስተኛ ዓመቷን በያዘች ሰሞን፣ ከአንድ ዛፍ ግንድ ሥር ተነሥቶ ደረቅ ሣር ውስጥ የሚጠፋ የጉንዳን ሰልፍ አይታ ተንበረከከች። ጥቂት ከተመለከተች በኋላ ጣቷን በምራቋ አርሳ ሰልፉን በሚያቋርጥ አኳኋን መሬቱን ጠረገችው። በፍጥነት ይመላለሱ የነበሩት ጉንዳኖች ከተጠረገው ቦታ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ መጡበት ዞሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እያሉ መፈለግ ጀመሩ። «ለምንድን ነው የቆሙት?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔም አፍታ ሳልቆይ፣ ጉንዳን ከሰውነቱ በሚያወጣው ሽታ መንገዱን እንደሚያበጅ፣ ያም ንጥረ ነገር ፌሮሞን እንደሚባል፣ እርሷም በጣቷ ሽታውን እንዳጠፋችው አስረዳኋት። የነገርኳት ሁሉ ትክክል ነበር። እርሷም «እሺ» ብላ ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ ወንድሟ ሄደች። ጉንዳኖቹ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የተቋረጠውን መንገድ መልሰው ሲቀጥሉት ያየሁት እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ያ «እሺ» ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጄ የጀመረችው ነገር ሙከራ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሙከራውን ከመሐል አንሥቼ በውጤቱ ተካሁት። መልሱን በመስጠቴ ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ለግማሽ ሰዓት ሊያቆያት ይችል የነበረውን ጥያቄ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ዘጋሁባት። ልጆችን ወደ ተፈጥሮ ስለማውጣት ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይመከራል፤ ከቤት ማውጣቱ ግን ከባዱ ክፍል እንዳልሆነ የገባኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ከባዱ ክፍል ከወጡ በኋላ አብሯቸው ያለው ትልቅ ሰው ምን ያህል ይናገራል የሚለው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ለማድረግ ወሰንኩ። ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ለአንድ ሰዓት ያህል ስንዘዋወር ከአፌ የሚወጣውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በልቤ ለመከታተል ሞከርኩ። ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። «ተጠንቀቅ»፣ «አትንኪው»፣ «ቶሎ በሉ»፣ «ልብስሽን»፣ «ና ወደዚህ»፣ «ይህ እኮ እንዲህ ይባላል»። ከእነዚህ ውጪ የተናገርኩት ነገር ቢኖር በጣም ጥቂት ነው። አራት ዓመት የሆነው ወንዱ ልጄ በዚያ ሰዓት ውስጥ የተናገረው ከእኔ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ከተናገረውም አብዛኛው ለራሱ ወይም በእጁ ለያዘው እንጨት የተነገረ ነበር። ልጆቹን ደጅ አውጥቼ እኔ ግን ከነቤቴ አብሬያቸው ወጥቼ ነበር ማለት ይቻላል።

ዝም ማለት ግን ችላ ማለት አይደለም፤ ይህን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለኝ የቻርለስ ዳርዊን ቤት ነው። ዳርዊንን የምናውቀው በረጅም ጺሙና በትልልቅ ጽሑፎቹ ቢሆንም፣ በእንግሊዝ ገጠር በሚገኘው መኖሪያው ውስጥ ልጆቹ የምርምር ባልደረቦቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1854 ከልጆቹ አንዱ፣ ጠጉራማና ድንቡሽቡሽ የሆኑ ትልልቅ ንቦች ከአንድ ዛፍ ሥር ወዳለ ቀዳዳ ሲመላለሱ አየ። አባትየው ጎጆ አለ ብሎ ቢያይ ምንም ጎጆ አልነበረም። ንቦቹ ግን ወደዚያው ቦታ መምጣታቸውን፣ ለአፍታ እያንዣበቡ መቆየታቸውንና ወደ ሌላ ቦታ ማለፋቸውን አላቋረጡም። ዳርዊን መንገዳቸውን ብቻውን ሊከታተል ስላልቻለ አምስት ስድስት የሚሆኑ ልጆቹን ንቦቹ በሚያንዣብቡባቸው ቦታዎች ላይ አቆማቸው፤ ንብ ከደረሰበት ዘንድ ያለው ልጅ ጮክ ብሎ ያስታውቃል፣ ቀጣዩም ይጠብቃል፣ እንዲህ እየተባለ ድምፁ ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ መስመሩ ይታወቃል። ለይቶ ለማወቅም ንቦቹ ላይ ዱቄት ይነሰነስባቸው ነበር። ወንዶቹ ንቦች በቋሚ መስመር እንደሚመላለሱ የተረዳው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ክትትሉም ለተወሰኑ ዓመታት ቀጥሏል።

በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ የዳርዊን ሊቅነት አይደለም። ልጆቹን ጥያቄው ውስጥ ሲያስገባቸው መልሱን እርሱም አያውቀውም ነበር። ልጆቹ የተሰጣቸው ሥራ ለማስመሰል የተፈጠረ የቤት ሥራ አልነበረም፤ እነርሱ ባይጮኹ ኖሮ ነገሩ አይታወቅም ነበር። እኛ ብዙ ጊዜ ልጆችን ደጅ የምናወጣቸው አስቀድመን የምናውቀውን ነገር እንዲደግሙልን ነው፤ ቅጠሉን አሳይተን ስሙን እናስጠናለን፣ ወፏን አሳይተን ቀለሟን እንጠይቃለን። ልጅ ደግሞ ጠያቂው መልሱን እያወቀ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከሩቁ ያውቀዋል።

ሌላው ምሳሌ የጄን ጉዳል ነው። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 በታንዛኒያ ወደሚገኘው የጎምቤ ጫካ ሄዳ በቺምፓንዚዎች ጥናት ዓለም ያወቃት ይህች ሴት፣ ገና የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ሳለች ዶሮ እንቁላል ከየት እንደምታወጣ ልታውቅ ፈልጋ ጠየቀች፤ የሚያረካት መልስ ስላላገኘችም ዶሮ ማደሪያው ውስጥ ገብታ ገለባ ላይ ተደብቃ ለሰዓታት ጠበቀች። ቤተሰቡ ጠፋች ብሎ ተጨንቆ ፍለጋ ላይ ነበር፤ ለፖሊስም ተነግሮ ነበር። መጨረሻ ላይ ልጅቱ ገለባ በገለባ ሆና እየሮጠች ስትመጣ እናቷ ያየችው የልጇን ዓይን እንጂ የልብሷን መቆሸሽ አልነበረም፤ ከመቆጣት ይልቅ ቁጭ ብላ ዶሮዋ እንዴት እንደጣለች የሚተርከውን ወሬ ሙሉውን አዳመጠች። ጉዳል ይህን ታሪክ እስከ እርጅናዋ ድረስ ስትናገረው ኖራለች። እኔ እናትየዋን በሆንኩ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ለመናገር አልደፍርም፤ ምናልባት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ቁጣ ይኖረኝ ነበር። በአማርኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልን ልጆችን ስለ ትዕግሥት የምንመክር ሰዎች፣ ልጁ እውነተኛውን እንቁላል ለመጠበቅ ሲቀመጥ ግን የምንቸኩለው እኛው ነን።

ስለ ጉንዳኖቹ ልመለስ። ከወር በኋላ ልጄ ሌላ ሰልፍ አገኘች። በዚህ ጊዜ አጠገቧ ተቀመጥኩና ምንም አልተናገርኩም፤ ምላሴን በጥርሴ ይዤ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። መጀመሪያ ድንጋይ አስቀመጠችባቸው፤ ዞረው አለፉ። ቀጥላ አንድ ሰፊ ቅጠል በመንገዳቸው ላይ አነጠፈች፤ ጉንዳኖቹ ጥቂት ግራ ከተጋቡ በኋላ ቅጠሉን መሻገር ጀመሩ። ሰልፉ ቅጠሉ ላይ በደንብ እስኪረጋ ጠበቀችና ቅጠሉን ሩብ ዙር አዞረችው። ጉንዳኖቹ እንደገና ተተራመሱ። «መሬቱን አይደለም የሚያውቁት፣ ቅጠሉ ላይ የሆነ ነገር አድርገዋል» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። ፌሮሞን የሚለውን ቃል ረስታው ነበር። ነገሩን ግን አገኘችው።

እርግጥ ነው፣ ደጅ መዋል የሚያስፈልገው ለአእምሮ ብቻ አይደለም፤ ሰውነትም የራሱ ድርሻ አለው። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ የዓይን ጉዳይ ነው። ሩቁን አጥርቶ የማየት ችግር በብዙ አገሮች ልጆች ዘንድ እየተስፋፋ መምጣቱ የታወቀ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ጥፋቱን የምንጥለው በመጽሐፍና በስክሪን ላይ ነው። በቅርበት የሚሠራ ሥራ ድርሻ ቢኖረውም፣ የቀን ብርሃን ማነስም ራሱን የቻለ ምክንያት እንደሆነ ተደርሶበታል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ የዓይን ችግሩ የታየባቸው ልጆች ደጅ በዋሉት ዘንድ 30.4 በመቶ፣ በሌሎቹ ዘንድ 39.5 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን መድኃኒትም መሣሪያም ሳይገዛ በ40 ደቂቃ ብቻ የተገኘ ነው። በታይዋን ደግሞ ልጆች በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲሆኑ የሚያበረታታ አገር አቀፍ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተጀመረ በኋላ፣ ለዓመታት ሲያሻቅብ የኖረው የዕይታ መዳከም ወደ ታች መመለስ ጀምሯል።

ምክንያቱም የብርሃኑ መጠን ነው። መብራት የበራበት ክፍል ለዓይናችን ብሩህ ቢመስለንም የሚለካው በጥቂት መቶ ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ደጅ ግን ሰማዩ ደመና ለብሶ ሳለ እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይደርሳል፣ በጠራራ ፀሐይም ከ100,000 ሊያልፍ ይችላል። ጠንካራ ብርሃን ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንዲያመነጭ እንደሚያደርግና ይህም የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም እንደሚረዳ ይታመናል። ለዚህ ደግሞ ፀሐይን በቀጥታ መጋፈጥ አያስፈልግም፤ የዛፍ ጥላም ከክፍል መብራት እጅግ ይበልጣል፣ ኮፍያም ማድረግ ይቻላል። ፀሐይ በቆዳ በኩል ስለምትሰጠው ቫይታሚን ዲና ስለ አጥንት ጥንካሬ ሁሉም የሰማው ስለሆነ አልደግመውም።

ጭቃም ተከራካሪ ጠበቃ አግኝቷል። በፊንላንድ ተመራማሪዎች የአንዳንድ መዋዕለ ሕፃናትን ጠጠራማ ግቢ በጫካ አፈርና በሣር አለበሱትና ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑት ልጆች በየቀኑ እንዲጫወቱበት አደረጉ። በ28 ቀናት ውስጥ በልጆቹ ቆዳ ላይ የሚገኙት ረቂቅ ተሕዋስያን ዓይነታቸው በዛ፤ በደማቸውም ውስጥ የሰውነት የመከላከል ሥርዓት ሚዛኑን እንዲጠብቅ ከሚረዱ ምልክቶች ጋር የተያያዘ ለውጥ ታየ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሲሆን የተሳተፉት ልጆች 75 ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ «ጭቃ በሽታን ይከላከላል» ብሎ ለማወጅ አይበቃም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ልብስ በቆሸሸ ቁጥር መጮኼን ተውኩ። ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና ማስታጠብን ግን አልተውኩም፤ አፈር ውስጥ የአንጀት ጥገኛ ትላትልም እንደሚኖሩ መርሳት አይገባም።

ትኩረትን በተመለከተ ከራሴ ልጆች ያየሁትን ሊያብራራልኝ የቻለው የሥነ ልቦና ምሁራኑ የራሔልና የስቲቨን ካፕላን ሐሳብ ነው። እንደ እነርሱ አባባል ትኩረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እየታገልን የምናመጣው ነው፤ ልጁ መምህሩን ለመስማት ከጓደኛው ሹክሹክታ ራሱን ሲነጥል የሚጠቀምበት ነው፣ እንደ ጡንቻም ይደክማል። ሁለተኛው ሳንጠራው የሚመጣው ነው፤ ደመና ሲሄድ፣ ቅጠል ሲወዛወዝ፣ ውኃ ድንጋይ ላይ ሲሰበር ዓይናችንን በቀስታ ይይዘዋል እንጂ አያስገድደውም። በዚህ ጊዜ የደከመው ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ የትኩረት ችግር ያለባቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 17 ልጆች በመናፈሻ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ፣ በከተማ መሐል ወይም በመኖሪያ ሠፈር ተመሳሳይ ጊዜ ከተራመዱ በኋላ ከሆነው ይልቅ ትኩረታቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። አሥራ ሰባት ልጅ ጥቂት ነው። ሆኖም የልጄን የንባብ ደብተር ከእግር ጉዞ በፊትና በኋላ ያየ ወላጅ ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ አይሟገትም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ይህ ሁሉ ወዲያው አይመጣም። የእኔ ልጆች ደጅ ሲወጡ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የማጉረምረም ጊዜ ነው። «ሰለቸኝ»፣ «ምን እናድርግ»፣ «መቼ ነው የምንመለሰው»። ቀድሞ በዚህ ጊዜ ጨዋታ እፈጥርላቸው ነበር፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሌላ፣ እርሱም ሲያልቅ ሌላ፣ እኔ ስደክም ወደ ቤት። አሁን ግን የምመልሰው «እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» ብቻ ነው። ድካሙ የእነርሱ ይሆናል። ከዚያ አንዱ ድንጋይ ይገለብጣል፣ ከሥሩ የምድር ትል ይወጣል፣ ጩኸት ይሰማል፣ ቀኑም ይጀምራል።

መጫወቻ ይዞ መሄድም ትቻለሁ። እንግሊዛዊው ሳይመን ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው ሐሳብ፣ በአንድ ስፍራ ያለው የፈጠራ ዕድል በዚያ ስፍራ እንደልብ ሊነሡ፣ ሊጣሉና ሊገጣጠሙ በሚችሉ ነገሮች ብዛትና ዓይነት ይወሰናል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ከእርሱም በፊት በዴንማርክ የመናፈሻ ነዳፊው ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን፣ ልጆች እርሱ ተጨንቆ ከሠራቸው መጫወቻ ስፍራዎች ይልቅ በግንባታ ቦታ በወዳደቀ እንጨትና ጡብ መጫወትን እንደሚመርጡ አስተውሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1943 በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ በተባለው ስፍራ የተከፈተው መጫወቻም የወዳደቁ ቁሳቁሶች የሚሰጡበት፣ ልጆቹ ራሳቸው የሚሠሩበትና የሚያፈርሱበት ነበር። ዱላ በአንድ ቀን ውስጥ ፈረስ፣ ምርኩዝ፣ ድልድይ፣ መለኪያ ይሆናል። ተገዝቶ የመጣው መኪና ግን ሁልጊዜ መኪና ነው፤ በተለይ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ።

አሁን ወደ ፍርሃት ልምጣ፤ ምክንያቱም ወላጆች ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ የሚያነሡት የመጀመሪያው ነገር እርሱ ነው፣ የእኔም እንደዚያው ነበር። ኖርዌያዊቷ ተመራማሪ ኤለን ሳንድሴተር ልጆች ሲጫወቱ ተመልክታ፣ የሚፈልጉት አደጋ ቀመስ ጨዋታ በስድስት ይከፈላል ብላ እ.ኤ.አ. በ2007 ጽፋለች፤ ከፍታ ላይ መውጣት፣ ፍጥነት፣ ስለት ባለው መሣሪያ መሥራት፣ እንደ ውኃና እሳት ባሉ ነገሮች አጠገብ መሆን፣ መታገልና መላፋት፣ እንዲሁም ከአዋቂ ዓይን መሰወር። ዝርዝሩን ሳነበው ልጅነቴን ያነበብኩ መሰለኝ፤ ለልጆቼ የከለከልኳቸውንም ሁሉ ያነበብኩ መሰለኝ።

ልጅ በአቅሙ ልክ አደጋን የሚለካው በራሱ ሰውነት ነው። ወንዱ ልጄ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከታች ሆኜ «ተጠንቀቅ! ተጠንቀቅ!» ስለው፣ የምነግረው ስለ ቅርንጫፉ ሳይሆን ስለ እኔ ጭንቀት ነው፤ እርሱም ዓይኑን ከቅርንጫፉ አንሥቶ ወደ እኔ ያያል፣ እግሩ የሚንሸራተተውም ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን በትክክል እንዲሁ ሆኖ ክርኑ ተላጠ። ያለ እኔ ጩኸት ይወድቅ ነበር አይወድቅም ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ቃሌን ለወጥኩ። «ቀኝ እግርህ የቆመበት ይወዛወዛል?»፣ «ቀጥሎ የምትይዘው የትኛውን ነው?»፣ «ስትወርድ በየት በኩል ነው?» እለዋለሁ። ልጄንም ወደ ዛፍ ከፍ አድርጌ አላወጣውም፤ ራሱ የወጣውን ያህል ብዙ ጊዜ ራሱ መውረድ ይችላልና።

ሆኖም ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚምታቱ ነገሮች አሉ። ልጁ አይቶ ሊመዝነው የሚችለው አደጋ አለ፤ ሊያየው የማይችለውም አለ። የዛፍ ከፍታን ያያል፣ ይፈራል፣ ይመዝናል፤ ውስጡ የበሰበሰ ቅርንጫፍን፣ ከሣር ሥር የተሰበረ ጠርሙስን፣ ድንጋይ ሥር የተኛ እባብን፣ መርዛማ ፍሬን ግን ሊያውቅ አይችልም። እነዚህን አስቀድሞ ማየት የእኔ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ስፍራውን ቀድሜ እዞራለሁ፣ የማናውቀውን ነገር ወደ አፍ አለማስገባት፣ ድንጋይንም በእጅ ሳይሆን በእንጨት መገልበጥ በእኛ ዘንድ ክርክር የሌላቸው ሕጎች ናቸው። ውኃ አጠገብ ከሆንን ደግሞ ዝምታዬም ርቀቴም ያበቃል። ትንሽ ልጅ በጥቂት ሴንቲሜትር ውኃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፤ የሚሰጥም ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ አይንፈራገጥምም። ስለዚህ እዚያ ስልኬን አላወጣም፣ እጄ ከሚደርስበት ርቀትም አላልፍም።

ጫካ ወይም ተራራ የለንም ለሚሉ ወላጆች አንድ የሠራልኝን ነገር ልንገር። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት በገመድ ከልለን ለአንድ ሰዓት ያህል ያንኑ ብቻ አየን፤ የገዛነው ነገር አጉሊ መነጽር ብቻ ነበር። በመጀመሪያ እይታ ሣር ብቻ የሚመስለው ቦታ ውስጥ የተለያዩ የሣር ዓይነቶች፣ ቀንድ አውጣ፣ ድር፣ ጥንዚዛ፣ የደረቀ የፌንጣ እግር፣ የበቀለ ዘር ተገኙ። እያየን ሣልናቸው፤ ሥዕል የሚጠቅመው ለማስዋብ ሳይሆን ዓይን እንዲቆይ ለማስገደድ ነው፤ የጥንዚዛን እግር ቁጥር ለመሣል መቁጠር ግድ ነውና። ጥላን መለካትም እንዲሁ ነው። አንድ እንጨት ተክለን የጥላውን ጫፍ በየሰዓቱ በጠጠር ምልክት ስናደርግ፣ ጠጠሮቹ የሠሩትን መስመር አይታ ልጄ «ጥላው ሲያጥር የምሳ ሰዓት ነው» አለች። ሰዓት ማንበብ ከዚያ በኋላ ቀለላት።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምመክረው ወደዚያው ቦታ ደጋግሞ መሄድን ነው። አዲስ ስፍራ ልጅን ያስደንቃል፤ የሚታወቅ ስፍራ ግን ለውጥን ያሳየዋል። አንድ ዛፍ መርጠን ዓመቱን ሙሉ ስንጎበኘው ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ሲያቆጠቁጥ፣ ወፍ ጎጆ ስትሠራበት፣ ጎጆው በነፋስ ሲወድቅ አየን። ዝናብም አልከለከለንም፤ የዝናብ ልብስና ቅያሪ ካልሲ እስካለ ድረስ ቀንድ አውጣዎቹ በብዛት የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ አንድ ቅሬታ አለኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር ለተፈጥሮ ጉብኝት በሄደች ጊዜ ሃያ ባዶ ቦታዎች ያሉት ወረቀት ተሰጥቷት ነበር፤ ወረቀቱ ሞልቶ ተመለሰ፣ እርሷ ግን ስላየችው ነገር አንድም ወሬ አልነበራትም። መምህራኑ ለብዙ ልጆች ኃላፊነት ስላለባቸው አልፈርድባቸውም። ግን ጀርመናዊው የሕፃናት አስተማሪ ፍሪድሪሽ ፍሩበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት ማሳደጊያው የሰጠው ስም በጀርመንኛ «የልጆች አትክልት ስፍራ» ማለት እንደሆነ፣ እዚያም እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ነበረው መባሉን ሳስታውስ፣ አትክልቱ መቼ ከግቢው ወጥቶ ወረቀቱ እንደገባ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ጊዜ በዚያው ዛፍ አጠገብ ባለ ቁጥቋጦ ላይ አንድ አባጨጓሬ አገኘን። ከቀናት በኋላ ስንመለስ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅጠል የሚመስል ሽፋን ብቻ ነበር። ልጆቹ በየቀኑ እንዲያዩት አመላለስኳቸው፤ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ምንም አይለወጥም፣ ያለቅሬታ ግን ይሄዱ ነበር። ወደ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ጠዋት ስንደርስ ሽፋኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ልንጠብቀው የነበረው ነገር እኛ ቤት ሳለን ሆኖ አልቋል። ወንዱ ልጄ ወፍ በላችው አለ። እኅቱ አጉሊ መነጽሩን ይዛ ሽፋኑ ከላይ በኩል በቀጥታ መስመር መሰንጠቁን አየችና፣ ወፍ ብትሆን ኖሮ ትቦጫጭቀው ነበር እንጂ እንዲህ አትከፍተውም ብላ ተከራከረች። እርሱ ደግሞ ጠንቃቃ ወፍ ልትሆን ትችላለች አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አላየሁትም አልኩ፤ እውነትም ነው፣ አላየሁትም።

የወንዱ ልጄ አቋም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ነገር ግን በዚያው ቁጥቋጦ ታችኛ ቅርንጫፍ ላይ ሌላ አባጨጓሬ ቅጠል እየቀረጠፈ ስላገኘነው፣ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ እንድንመላለስ ተስማምተናል፤ እርሱም ወፏን ለመያዝ ገመድ አዘጋጅቷል።